ጢማሙ ሰውዬ

ትናንት ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ሳልፍ፣ የጽዳት ሠራተኞች የጢማሙን ሰውዬ ሐውልት በበረኪና ያጥቡ ነበር። ሽታው የአክስቴን የእትዬ ለተብርሃንን እጅ አስታወሰኝ።

እትዬ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ይሠሩ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሲሄዱ እዚህ ሐውልት ፊት ቆመው ያማትባሉ። ጢሙ ረጅም ነው፣ መጽሐፍ ይዟል፤ ጻድቅ መስሏቸዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና አፈርኩባቸው። አንድ እሑድ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩላቸው።

«እትዬ፣ ቅዱስ አይደለም እኮ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የጋዝ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ነበር። አድማ አስመትቶ ታስሯል፤ በኋላ ለአካባቢው ምክር ቤት ተመርጧል።»

ቀና ብለው አዩት። ለማግስቱ እሳቸው ሥራ ቦታ አድማ ተጠርቶ ነበር።

«ፈርቶ ነበር ይላል?» አሉኝ።

«አይልም።»

«እሱን ነበር መጻፍ» አሉና ደግመው አማተቡ።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። ሥራ ገብተው ይሁን ከአድመኞቹ ጋር ቆመው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲመለሱ እጃቸው በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፤ ግን መቼስ የማይሸትበት ቀን ነበር?

ትናንት ሠራተኞቹ ሲሄዱ ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት። አሁንም አይልም። ቀና ስል እጄ ሳላስበው ግንባሬ ላይ ደርሷል።