በደሜ ውስጥ የተነበበው

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ስይዝ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ጅቡቲ ውስጥ አምቡሊ በሚባለው ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጉዞ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ትኬት እቆርጥ ነበር። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ሁሉም በሙቀቱ አሳበበ። "በዚህ ወበቅ ጅቡቲ ውስጥ እግሩ የማያብጥ ማን አለ?" አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። አመንኳት። ራስ ምታቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩን ያስተዋሉት አማቴ ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ሆነው ከድሬዳዋ በልጅነታቸው ያመጧቸው፣ እዚሁ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

"ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል እንዴ?"

መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አነሱ።

"ተነሺ፣ እንሂድ። ታላቅ እህቴ እንዲሁ አብጣ፣ እንዲሁ 'ሙቀት ነው' ተብላ ነው ከነልጇ የቀረችብኝ።"

እህት እንደነበረቻቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነበር። አማቴና እኔ ሐኪም ዘንድ ሄድን። የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ሽንቴም ውስጥ ጥቂት ፕሮቲን ተገኘ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ቆየ።

"ወደ ቤትሽ ልመልስሽም፣ ላስተኛሽም እችላለሁ" አለኝ። "ከምገምት ግን ደምሽን ልጠይቀው። ከእንግዴ ልጁ ወደ ደምሽ የሚገቡ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ የደም ሥሮችን ይንከባከባል፤ ሌላው ያንኑ ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። አጥፊው በዝቶ ደጉ ካነሰ፣ ግፊቱ ገና ሳይብስ እናውቃለን።"

ላቦራቶሪው ውስጥ አንዲት ፈገግታ የማታበዛ የአፋር ሴት ደም ቀዳችኝ። ውጤቱ ለነገ ነው ተባልን። እኛም ወደ ቤት ተመለስን።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደም የቀዳችኝ ሴት ራሷ ነበረች፤ በፈረንሳይኛ አወራችኝ።

"ነገን አትጠብቂ። ለሐኪምሽ ደውዬ ነግሬዋለሁ። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ።"

"ምን ተገኘብኝ?"

"እሱን ሐኪሙ ይንገርሽ። ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ።"

ሄድን። ሐኪሙ ቁጥሩን አሳየኝ፤ ደጉ ፕሮቲን ከመጠን በታች ወርዷል። በማግስቱ ግፊቴ ድንገት ሲያሻቅብ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ የግፊቱ መድኃኒትም በክንዴ እየገባ ነበር። የጽንሱን ሳንባ የሚያጠነክረውንም መርፌ አስቀድመው ወግተውኛል። በአምስተኛው ቀን በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለድኩ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አትበልጥም። ባሌ መኪናውን ለጓደኛው አስረክቦ ሲደርስ ማሞቂያው ውስጥ አያት፤ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዘናት ገባን።

ሦስት ወር ሲሆናት ከአማቴ ጋር ወደ ላቦራቶሪው ወሰድናት። ያቺ ሴት ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች። የውጤቴን ቁጥር ስነግራት ነው ያወቀችኝ እንጂ ፊቴን አላስታወሰችም።

"ያን ቀን ለምን እስከ ማግስቱ አልቆየሽም?" አልኳት።

"መሣሪያው ውጤቱን ሲያወጣ ምሳ ልበላ እየወጣሁ ነበር" አለች። "እንዲያ ያለ ቁጥር አይቼ ምን እበላለሁ?"

አማቴ በሶማሊኛ መርቀው መርቀው አልበቃቸው አለ፤ ወደ አማርኛ ዞረው "እጅሽ ይባረክ!" አሏት። ትርጉሙ የገባት ይመስለኛል፤ ጓንቷን አውልቃ ልጄን ታቀፈቻት።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ሐኪሙ ከጅምሩ ትንሽ አስፕሪን አዘዘልኝ፤ ደሜንም ግፊቴንም ደጋግመው አዩልኝ። ወንዱ ልጅ ቀኑን ጠብቆ ተወለደ። ያቺ ሴት አራስ ልትጠይቀኝ የዓሣ መረቅ በምግብ ዕቃ ይዛ መጣች። አማቴ ገንፎ አገንፍተው ነበር። ሁለቱንም ትበያለሽ ብለው ከሁለቱም በኩል ያዙኝ፤ እኔም በላሁ።