መጣሁ

በጀልባ ማቆሚያው ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «መጣሁ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ ምላሱ ነው። ሲሄድ «መጣሁ»፣ ሲቀር «መጣሁ»፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድም በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ዋሾ ነው እንዳይባል ከልቡ ነው የሚናገረው። ጀልባ መንዳቱንና ሞተር መጠገኑን የቻለበትን ያህል ሰዓት ማክበሩንም ቢችልበት ኖሮ፣ እንደሱ ያለ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ሚስቱ ከዚህ ቃል ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች። ምግብ ሲቀዘቅዝባት ችላለች፣ እንግዳ ጠብቆ ጠብቆ ሲሄድባትም ችላለች። ያልቻለችው የአባቷን ነገር ነው። አባቷ ከውሃው ማዶ ታመው ሳለ «መጣሁ፣ ሞተሯን ነካ ነካ ላርጋት» ብሎ እስኪመሽ አስጠበቃት፤ በማግስቱ ሲሻገሩ ቀብሩ አልቆ ሰው እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አሁን ደግሞ እናቷ ናቸው። ከሰዓት በኋላ እዚያው ማዶ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ከዚያ በፊት ልጃቸውን ማየት አለብኝ ብለዋል። «ሙቺ! ቀትር ሳይሞላ አደርስሻለሁ» ብሎ ምሎላታል።

ባልና ሚስቱ በጠዋት ተነስተው ወደ ማቆሚያው ወረዱ፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከመነሳቱ በፊት ግን የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ቢያይ፣ ጫፉ ላይ የተጣበቀው ነገር ዘይት ሳይሆን ሬንጅ ነው። ነገ እቀይረዋለሁ፣ ነገ እቀይረዋለሁ ሲል የከረመው ዘይት ነው። በዚህ ዘይት ከተነሳ ሞተሯ መሀል ውሃ ላይ ነክሳ ቀጥ ትላለች። ደሙ ፈላ፤ የሚቆጣው ሰው ቢፈልግ ግን ከራሱ በቀር አጣ።

«ትንሽ ቁጭ በይ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አላት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

የመኪና ቢሆን ከሥር ተኝቶ አንድ ብሎን መፍታት ነው፣ ዘይቱ ራሱ ይወርዳል። በጀልባ ሆድ ውስጥ የተቀበረች ሞተር ግን ከሥሯ እጅ አታስገባም። አስነስቶ ዘይቱን አሞቀና አጠፋት፤ ከዚያ በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ሰዶ በእጅ ፓምፕ መሳብ ጀመረ። ፓምፑ አንዴ ዘይት ይስባል፣ ሁለቴ አየር ይጠጣል። ወገቡ ለሁለት ታጥፎ፣ አንድ ጉልበቱ በቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ «ይቺን የሠራ መሐንዲስ እጅ የለውም እንዴ?» እያለ አጉረመረመ።

«ብዙ ይቀርሃል?» አለች ሚስቱ ከላይ።

«አልቋል!» አለ። ገና ግማሹም አልወጣም ነበር።

የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ደግሞ የባሰ መጣ። በሞተሯና በጀልባው ግድግዳ መሀል ተሸጉጦ አልፈታ አለ። በእጁ ቢይዘው አሟለጨው፤ በጨርቅ ቢይዘው ጨርቁ ተቀደደ፤ ቀበቶውን ፈትቶ ቢጠመጥምበት ሱሪው ወረደ እንጂ ፊልትሮው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ካቻቢቴ በመዶሻ ሰክቶበት በጉልበት አዞረው። ጥቁሩ ዘይት ክንዱን ተከትሎ እስከ ብብቱ ገባ።

እዚህ ላይ የሚደረገውን ጠንቅቆ ያውቃል። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቦታውን በጨርቅ መጥረግ፣ በጣት መዳሰስ ነው። ስንቱን መካኒክ «ሳትዳስስ አዲሱን እንዳታስር!» ብሎ ተቆጥቷል። ግን ልክ ጨርቁን ሲያነሳ የሚስቱ ጥላ ከላይ ወደቀበት።

«ሰዓቱ እኮ ሄደ» አለች።

«መጣሁ!» አለና አዲሱን ፊልትሮ እንዲሁ አሰረው። አዲሱን ዘይት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንቆረቆረና አስነሳት። ሞተሯ ደስ በሚል ድምፅ ተነሳች።

«ነይ ግቢ!» አለ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ሚስቱ ቦርሳዋን አንስታ አንድ እግሯን ወደ ጀልባው ስትሰድ ከሥር ፍስስ የሚል ነገር ተሰማው። ዞር ቢል ንጹሑ ዘይት በፊልትሮው አፍ ዙሪያ እየተንፎለፎለ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይወርዳል። ዘሎ አጠፋት። ፊልትሮውን ሲፈታው አሮጌው ቀለበት ሞተሯ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ አዲሱን እላዩ ላይ ደርቦ አስሮታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ዘይት ደግሞ አይለቀምም። የሞተሯን ክዳን በእርግጫ ቢላት አውራ ጣቱን አሳመመችው። በንዴት እንባው መጣ።

ሚስቱ እግሯን መልሳለች። አጠገባቸው አንድ አሸዋ ጫኝ የጀልባውን ሞተር አስነስቶ ገመድ ይፈታል።

«ወንድሜ፣ ወደ ማዶ ነህ?» አለችው።

«አዎ እህቴ፣ አሸዋ ላይ መቀመጥ ካላስጠላሽ።»

ቦርሳዋን አቀበለችውና በደህና ቀሚሷ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ቆይ እንጂ! ዘይት ገዝቼ አሁን...» አለ ባሏ። የለመዳት ቃል አፉ ላይ ደረሰችና ዋጣት።

«የአባዬን ቀን ጠብቄሃለሁ» አለች። «እማዬን ግን አላስጠብቃትም።»

አሸዋ ጫኙ ጀልባውን ገፍቶ አራቀ። በሁለቱ መሀል ያለው ውሃ እየሰፋ ሲሄድ ባሏ እስከ ማቆሚያው ጠርዝ ሮጠ።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» ብሎ በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮኸ።

እሷም እጇን አነሳች።

«መጣሁ!» አለችው።

አሸዋ ጫኙ ከት ብሎ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሰውየው ዘይት የሚያንጠባጥቡ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ። ቃሉ የራሱ ነውና፣ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ከማንም በላይ ያውቀዋል።