ንጉሡ ሲገባ ያልተነሳችው

ትናንት ሲልቨር ስፕሪንግ አውቶቡስ ስጠብቅ ጋሽ ተፈራ ኮል አደረጉኝ። «ልጄ፣ ያን ተውኔት ዘንድሮ እንደገና ልናሳየው ነው። እህትየዋን አንቺ ትጫወቻለሽ» አሉኝ። ጮህኩ! ፌርማታው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ያቺን እህት መጀመሪያ ያየኋት በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ከዚሁ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነው። ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተጫወቱትን የድሮ ተውኔት አንድ አዳራሽ ውስጥ ያለማምዱን ነበር። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የእርጥብ ጫማና የሳምቡሳ ሽታ። ታሪኩ ወንድሟ ያለ ጥፋቱ ስለታሰረባት ሴት ነው። ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ተቀምጣ «ወንድሜ ካልተፈታ አልነሳም» ትላለች። ንጉሡ ሲገባ አገር ሁሉ ይነሳል፤ እሷ አትነሳም። ከተነሳች ወንድሟ ሞተ ማለት ነው።

ንጉሡ ጋሽ ተፈራ ራሳቸው፣ እህትየዋ አክስቴ ሰናይት፣ እኔ ደንገጡር ነበርን። አክስቴ ከሥራዋ በቀጥታ፣ ምሳ እንኳ ሳትበላ ነበር የምትመጣው። ታዲያ ጋሽ ተፈራ ዘውዳቸውን ደፍተው ብቅ ሲሉ «ኖር!» ብላ ብድግ ትላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንድምሽን አስገደልሽው እኮ!»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ እግሬ ነው ሳይጠይቀኝ የሚነሳው።»

«እንግዲያው እግርሽን ቤትሽ ትተሽው ነይ!»

እንስቅ ነበር። በመጨረሻው ልምምድ ግን ማንም አልሳቀም። «ሰናይት፣ ነገ ከተነሳሽ ተውኔት የለም» አሏት።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። ከበሮ ተመታ፤ ንጉሡ ገቡ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ቀና ስል ግን ከፊት ረድፍ ያሉት እናቶች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ያሉትም ተከተሉ። ጋሽ ተፈራ ናቸዋ፣ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

አክስቴ ብቻ ቀረች። እግሯ ሊነሳ ሲቃጣው አየሁ። ሁለት እጇን ጭና ያዘችው፤ ዓይኗን ከንጉሡ ዓይን ሳትነቅል «ወንድሜ ካልተፈታ አልነሳም» አለች። ስልክ ሲደወልላት እንኳ ተነስታ የምታናግር አክስቴ፣ ተቀምጣ ከቆምነው ሁሉ በለጠች።

ትናንት ዜናውን ስነግራት ሳቀችና «እግርሽስ?» አለችኝ። እኔ እንጃ!

ስለዚህ ኑ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ንጉሡ ሲገባም፣ አደራ፣ ብድግ በሉ። እናንተ ካልቆማችሁ የእኔ መቀመጥ ምን ድፍረት አለው?