እናቴ «እርስዎ» ያለችኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ክፍላቸው ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሊወጣ ስለሆነ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። ከወረቀቱ ጀርባ ትንሽ ካርታ ታትሟል፤ ከሮም በስተደቡብ ካለው ሜዳ ተነስቶ ወደ ሌፒኒ ተራሮች እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀይ መስመር። «ማማ፣ ቦታውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለኝ። «አውቀዋለሁ» ብዬ ፈረምኩለት። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ልጅ እያለሁ እናቴ «ፊሳ» ነበረች። ሮም ያደግን የሐበሻ ልጆች ቃሉን ማንም ሳያስረዳን ነው ያወቅነው፤ አሠሪዎቿ ቤት እያደረች የምትሠራ ማለት ነው። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለነበር እኔን መነኮሳት የሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ኮሌጆ፣ አስገባችኝ። እዚያ እየበላን፣ እየተማርን፣ እያደርን እናቶቻችንን የምንጠብቅ ብዙ ነበርን። ኮሪደሩ የበረኪናና የቲማቲም ስጎ ሽታ ነበረው። ሐሙስ ሲደርስ ግን በሩ አካባቢ እያንዣበብን የምንጠብቀው የእናቶቻችንን ሽታ ነበር። የእኔዋ የካውያ እንፋሎትና የእጅ ቅባት ትሸት ነበር። ጉልበቷ ሥር አስቀምጣኝ ጸጉሬን እየሠራች ስለ አገሯ ታወራኛለች። ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለ መንደር ነው የተወለደችው። የሒሳብ ትምህርት አልገባ ብሎኝ ሳለቅስም፣ ጣልያንኛ ሰዋስው ሲያስጨንቀኝም አንድ አባባል ነበራት፤ «ዳገትን በዓይንሽ አትውጪው፣ በእግርሽ ውጪው።»

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በጋ ላይ፣ የእናቴ አሠሪዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ኦስቲያ፣ የባሕር ዳር ቤታቸው ወረዱ። እናቴም አብራ ሄደች። ኮሌጆው ባዶውን ሊቀር ሆነ። አንዷ መነኩሲት አዝና በአንድ ሰበካ ኮሎኒያ፣ ማለትም የልጆች የበጋ ማረፊያ፣ ውስጥ ቦታ ፈለገችልኝ፤ ለሦስት ሳምንት ተራራ ላይ። ከመንደሩ በላይ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች፣ ሁለት መነኮሳትና እኔ።

እንደዚያ በጋ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ውሃችንን ይዘን እንወጣለን። መንገዱ ጥንት በቅሎ የሚጫንበት ነበር፤ የተነጠፈው ድንጋይ በኮቴ ብዛት ለስልሷል። በየዛፉና በየቋጥኙ ላይ መንገደኛው እንዳይስት ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ምልክቱን ቀድማ ያየች «ሴኞ!» ብላ ትጮኻለች፤ ብዙ ያየች ያን ቀን ከሰልፉ ፊት ትሄዳለች። የዱር እንስላልና ጦስኝ እየረገጥን ስናልፍ ሽታው እስከ ጉልበታችን ይከተለናል። አናቱ ላይ ስንደርስ ከእግራችን ሥር ሜዳው በሙሉ ይዘረጋል፤ በቦይ በቦይ የተከፋፈለ እርሻ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ከዚያ ወዲያ ብርማ ባሕር። እኔ ባሕሩን እያየሁ እናቴ የትኛው ጫፍ ላይ ትሆን እያልኩ እገምት ነበር።

ልጆቹ ደህና ቤት ያደጉ ነበሩ። ጫማቸው ለተራራ የተሠራ ነው። የእኔ በምጽዋት የተገኘ ስለሆነ ጣቴ ጋ ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። ፍራንቼስካ የምትባል፣ ሁላችንም ጓደኛዋ ለመሆን የምንሻማባት ልጅ አንድ ቀን «እናትሽ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። «ኤምባሲ» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ ድጋፍ ይፈልጋል። ኦስቲያ ላይ በረንዳው ወደ ባሕር የሚያይ ቤት አለን አልኩ። ቤቱ እውነተኛ ነበር፤ እናቴ ወለሉን ተንበርክካ የምትወለውለው የአሠሪዎቿ ቤት። ሠራተኛም አለችን አልኩ።

የዚያ ዓመት ቡሄ እሑድ ላይ ነበር የዋለው። ዓርብ ዕለት እናቴ መነኮሳቱ ጋ ደወለች። «እሑድ ቡሄ ነው፣ ሙልሙል ይዤልሽ እመጣለሁ» አለችኝ። «አትምጪ እማዬ፣ እሑድ ወደዚህ የሚወጣ አውቶቡስ የለም።» ሳቀች። «እግር እያለ?» አለችና ሳንቲሟ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። እውነት ትመጣለች ብዬ አላመንኩም። ከኦስቲያ ሮም፣ ከሮም ሜዳው ላይ እስካለው ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ዳገት።

መጣች። እኛ ከካቶሊኮቹ ቅዳሴ በኋላ በመንገዱ አጋማሽ ካለው ምንጭ አጠገብ፣ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ከታች በወይራዎቹ መካከል ነጭ ነገር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። የእሑድ ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው በፎጣ የተቋጠረ ነገር አቅፋለች። በባዶ እግሯ፣ እንደ አገሯ ሰው፣ ሳትቸኩልም ሳትቆምም ትወጣለች። ፊቷ በላብ ርሶ ያበራል። ስታየኝ ጥርሷ በሙሉ ታየ።

«ጫማ የሌላት ሴት!» አለች አንዷ ልጅ እየሳቀች። ፍራንቼስካ ወደ እኔ ዞረች። «ወደ አንቺ ነው የምታየው። ማን ናት?»

«የቤታችን ሠራተኛ ናት» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እናቴ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም የምትርቀው። ጣልያንኛዋ ሙሉ አልነበረም፤ ያቺን ቃል ግን ከማንም በላይ ታውቃታለች። ቆመች። አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር። የልጅን ትኩሳት በእጇ እንደምትለካ እናት ነው ያየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀረብ አለችና በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛዋ፣ አሠሪዎቿን በምታናግርበት የአክብሮት አነጋገር፣

«ሲኞሪና፣ እናትዎ ይህን ላኩልዎት» አለችኝ። «ዛሬ ሥራ ስላለባቸው መምጣት አልቻሉም። ደህና መሆንዎን አይተሽ ነይ ብለውኝ ነው።»

ቋጠሮውን ተቀበልኩ። «ግራትሲዬ»፣ አመሰግናለሁ፣ አልኳት። ለእናቴ።

መነኩሲቷ፣ ሱኦር ኢነስ፣ ተነስታ «ምስኪን፣ ይህን ሁሉ መንገድ! ነይ አረፍ በይ፣ ምሳ ብዪ» አለቻት። እናቴ አንገቷን ደፋ አድርጋ አመሰገነች። ፆም ላይ ነበረች፤ እሱን አልተናገረችም። «ባቡሩ ያመልጠኛል» አለች ብቻ። ከምንጩ በመዳፏ ሁለቴ ውሃ ጠጣች፣ ጫማዋን አነሳች፣ በመጣችበት ተመለሰች።

ልጆቹ ቋጠሮውን ፈቱት። ሙልሙሎቹ ገና ለብ ያሉ ነበሩ፤ በፎጣ ላይ ፎጣ ደርባ ነው ሙቀታቸውን የጠበቀችው። «ቦኖ! ይጣፍጣል!» እያሉ ተቃመሱት። እኔም ቆረስኩ፤ አፌ ውስጥ ዞረ እንጂ አልወርድ አለኝ። ቁልቁል አያታለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠች። እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ጫማዋን አደረገች። እዚያ ትንሽ ቆየች፤ ጀርባዋን ለእኛ እንደሰጠች፣ ሜዳውን እያየች። አልዞረችም። ዞራ ብታየኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍራንቼስካ «ነይ እንጂ፣ እንጫወት» ብላ እጄን ጎተተችኝ። ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እናቴ እንደ ወትሮዋ ኮሌጆው በር ላይ ቆማ ነበር። ጉልበቷ ሥር ቁጭ አልኩ። ማበጠሪያዋን አወጣች። «ተራራው እንዴት ነበር? ያምራል?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ አንዳች ስባሪ ፈለግሁ፤ አልነበረም። «ያምራል» አልኳት። ያን ቀን ሹሩባዬን ከወትሮው አላልታ ነው የሠራችው፤ እንዳያመኝ።

አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የልብ ጓደኛዋ እትዬ አስካለ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሳታውቅ ነገረችኝ። «እናትሽ እኮ ጉድ ናት፤ አንድ ቡሄ ከኦስቲያ ተነስታ ተራራ ድረስ ሄዳ አይታሽ መጣች። እግሯ ቆስሎ ሳምንት አነከሰች። ‹ልጄን አየኋት አስካለ፣ ወፍራለች፣ ጓደኞችም አፍርታለች› እያለች ደስታዋን አልችለው ብላ ነበር።» እትዬ አስካለ እየሳቀች ነበር የምታወራው። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷም ለምን እንደሆነ አልገባትም።

እናቴ ስትታመም ሆስፒታል አጠገቧ ተቀምጬ ለብዙ ቀን ድፍረት ሰበሰብኩ። በመጨረሻ እጇን ይዤ «እማዬ፣ ያን የቡሄ ዕለት፣ ተራራው ላይ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ ተራራ?» አለችኝ።

«ሙልሙል ይዘሽልኝ የመጣሽበት። ይቅር በይኝ።»

«እኔ? ተራራ?» ፈገግ አለች። «አገሬን ከለቀቅኩ ወዲህ ተራራ ወጥቼ አላውቅም ልጄ። ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽኝ ይሆናል።» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እጄን ግን አጥብቃ ይዛ ነበር፣ ጣቶቼ እስኪያሙኝ። ሁለተኛ አላነሳሁባትም። ወር ሳይሞላ ፕሪማ ፖርታ መካነ መቃብር ቀበርናት።

ዛሬ የምኖረው እዚሁ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ነው። ልጄ ጓደኞቹ ፊት አቅፎ ይስመኛል፤ ሥራዬን ሲጠይቁት አረጋውያን ትንከባከባለች ብሎ እንደ ቀላል ነገር ይናገራል። ዘመኑ ተለውጧል ወይስ እሱ ከእኔ ይሻላል፣ አላውቅም። በየዓመቱ በቡሄ ሰሞን ብቻዬን ወደዚያ መንገድ እሄዳለሁ። አሁን በየመታጠፊያው የእንጨት ሰሌዳ ተተክሏል፣ ርቀቱም ሰዓቱም ተጽፏል። ምርኩዝ የያዙ መንገደኞች «ሳልቬ» ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ ያልፋሉ። ጦስኙ እንደ ድሮው ይሸታል፣ ሜዳውም እንደ ድሮው ተዘርግቷል። እኔ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

ያን ቀን እናቴ ቀስ ብላ ነበር የምትወርደው። እዚህ ቋጥኝ ላይ ብዙ ቆይታለች። መንገዱ ቁልቁለት ነበር፣ እኔም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ብሮጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አሁን መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ፣ የምለውንም አውቀዋለሁ። የምደርስባት እናት ግን የለችኝም።