የመጀመሪያው ሴሚስተርና የአባቴ ድምፅ

ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት ማግኘቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ አማርኛ አስተምሬአለሁ። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ስንጨርስ አውቶቡስ እይዝና የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እየወጣሁ፣ ከቆላው ሙቀት ወደ ደሴ ጉም እገባለሁ። እናቴ ካረፉ በኋላ አባቴ ብቻቸውን ስለነበሩ ቅዳሜና እሑድን ከሳቸው ጋር ነበር የማሳልፈው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሸዋ በር አካባቢ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ውለው ይገባሉ። ተወልደው ያደጉት በወሎ ገጠር፣ ቢስቲማ ነው። ደሴ የገቡት በጉብዝናቸው ቢሆንም አንደበታቸው ከቢስቲማ አልወጣም ነበር። «ከቤት» አይሉም፤ «ኸቤት» ነው የሚሉት። ጤና «አፊያ»፣ ጉዳይ «ሐጃ» ነው። ወሬ ሲያወሩ ደንበኛው ልብሱን ተረክቦም አይሄድላቸውም ነበር፤ ቆሞ ይሰማቸዋል።

ያንን አንደበት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር መምህራን ሁሉ ታዘዝን፤ እኔም ክረምቱን ደሴ፣ በራሳችን ቀበሌ አዳራሽ እንዳስተምር ተመደብኩ። አባቴ ቁርኣን ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም ነበርና ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊደሉን ከሁሉም ቀድመው ለዩ። አንድ ቀን ከራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብዬ ወደ ሰሌዳው አወጣኋቸው። ጠመኔውን እንደ መርፌ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ «ኸቤቴ ወጣሁ» ብለው ጻፉ።

ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ መሳም ነበረብኝ። እኔ ግን «ኸ»ን በመዳፌ ጠርጌ «ከ» ጻፍኩበት።

«አባባ፣ ትክክለኛው አማርኛ ይሄ ነው። ‹ኸ› የሚለው የባላገር ነው» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። አባቴም አብረው ሳቁና «እሺ መምህርት» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በዚያ ብቻ አላበቃሁም። ቤትም አርማቸዋለሁ። ምሳ እየበላን፣ ዘመድ ተቀምጦ፣ ደንበኛ ቆሞ፤ «አባባ፣ እንዲህ አይባልም» እላለሁ። የማስተምረው ትምህርት ይህ ስለሆነ ውለታ የዋልኩላቸው ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተው አያውቁም። ቀስ በቀስ ሬዲዮ እየሰሙ ዜና አንባቢዎቹን መምሰል ጀመሩ። ወሬያቸው አጠረ፤ ደንበኛውም ልብሱን እየተቀበለ መሄድ ጀመረ። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ዘግይቶ ነው።

አዲስ አበባ ልሄድ ስል ግራጫ ሱፍ ኮትና ጉርድ ሰፉልኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። በመስኮት በኩል «ኸዚያ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። «ከዚያ ስትደርሺ ጻፊልኝ» አሉ።

ልብ ብዬዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ደስታ ነው።

በክፍላችን ዘጠኝ ነበርን፤ ሴቶች ሁለት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርሃት ብቻ ናቸው። ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ አንብቤ የጨረስኳት የሰዋስው መጽሐፍ እዚያ የመግቢያ ያህል እንኳ አትቆጠርም። ሌሎቹ ሲከራከሩ ቃላቸውን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ፣ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ምን ማለት እንደሆነ እፈልጋለሁ። በአራተኛው ሳምንት የዘዬ ጥናት የሚያስተምሩን መምህር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው፣ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «እስቲ እያንዳንዳችሁ፣ እናት አባታችሁ የሚናገሩትን፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ አንድ ነገር ንገሩኝ» አሉ።

አንዱ የጎጃም ልጅ ተነስቶ የእናቱን አነጋገር እንዳለ አወረደው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አልደነገጠም። መምህሩ ዓይናቸው በርቶ እየጻፉ ይጠይቁታል። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የአባቴ አማርኛ እንደ ሬዲዮው ነው» አልኩ።

መምህሩ ትንሽ አዩኝ። «ከወሎ መጥተሽ?» አሉ። «እንግዲያው የሴሚናር ወረቀትሽ እሱ ይሁን። ለዕረፍት ስትሄጂ አባትሽን ቅጂልኝ።»

ከትምህርት ክፍሉ የቴፕ መቅረጫ ተዋስኩ። የትብብር ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ኬላ ላይ ፈታሹ ወታደር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ መቅረጫውን ክፈቺው አለኝ። ባዶው ካሴት እሽሽ ሲል ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ሳቀ፤ አለፍኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ማኅተም ካላደረግሁበት ብለው ግማሽ ቀን አቆዩኝ።

አባቴ ስለ ጉዳዩ ስነግራቸው ልጅ ሆኑ። በማግስቱ ሥራቸውን ዘግተው፣ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቁልፉን ስጫን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ስሆን በአሁኑ ወቅት በደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ…»

አቆምኩት። «አባባ፣ እንዲህ አይደለም። እንደ ድሮው ያውሩልኝ። እንደ ቢስቲማው።»

«እንደ ድሮው እንዴት ነበር?»

«‹ኸ› እያሉ ነዋ! እንደዚያ ነው የሚፈለገው።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። «እሱንማ ተውኩት እኮ። አንቺ አይደለሽ ያስተውሽኝ?» አሉ። ቁጣ የለበትም። ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው ነበር ያሉት። እኔም ይቅርታ ማለት ሲገባኝ «እሺ፣ እንደገና እንሞክር» አልኩ።

ሦስት ቀን ሞከርን። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ሙያቸው ጠየቅኋቸው። የሚመልሱልኝ እንደ ሬዲዮው ነው። አንዳንዴ «ኸ»ን ሆን ብለው ጣል ያደርጉልኛል፤ ከቦታዋ ውጪ ትወድቃለች። ሲሳሳቱ ግንባራቸው ያልበዋል። የመመለሻዬ ቀን ተቃረበ፤ በእጄ አንድም የሚረባ ነገር አልነበረኝም።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ አክስቴ ከቢስቲማ መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ድምፃቸው ከበር ማዶ ይሰማል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ምሳ አቅርቤ ጓዳ ገባሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሰላምታው ገና አላለቀም።

«አፊያ ነህ ወይ? ሰውነትህስ? ሥራውስ ኸይር ነው?»

«አልሐምዱሊላህ እትዬ። ኸቢስቲማ መቼ ተነሳሽ? ኸመንገድ ምን አቆየሽ?»

ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ስለምነው የከረምኩት አንደበት ይኸው ከመጋረጃው ማዶ፣ ሳይደክም፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። መቅረጫው ጓዳ ውስጥ አጠገቤ ነበር፤ አዲስ ካሴት አስገባሁበት። ማይክሮፎኑን በመጋረጃው ሥር ወደ ውጭ ገፋ አደረግሁት። አክስቴ ጮክ ብለው ሲስቁ ጠብቄ ቁልፉን ተጫንኩ።

ልጠይቃቸው እችል ነበር። ብጠይቃቸው ግን ተመልሰው ሬዲዮ ይሆናሉ ብዬ ፈራሁ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዘመድ አወሩ፤ ስለ አንድ በሬ ሕመም አወሩ። ከዚያ አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተስ ምን ሆነሃል? ከስተሃል። ሐጃ አለብህ፣ ፊትህ ይናገራል።»

«እትዬ፣ ልጄን ፈራኋት።»

«አጃኢብ! የወለድካትን?»

«ኸመጣች ጀምሮ አፌ ይተሳሰራል። ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ የተማረች ናት። ግን ኸሷ ፊት ቃሌን እንደ ጨርቅ ለክቼ ለክቼ ነው የማወጣው። ዝም ማለት ይቀለኛል። ወላሂ፣ ዱአ ላደርግላት እጄን ስዘረጋ እንኳ፣ ይሄ ቃል ልክ ነው ወይ እላለሁ።»

«አብሽር እንጂ! ልጅህ ናት፣ ዳኛ አይደለች።»

«ዳኛ በሆነች። ዳኛስ አንድ ቀን ፈርዶ ይተውሃል።»

መጋረጃውን ገልጬ ወጥቼ እግራቸው ላይ ብወድቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አልዋሽም። ግን መቅረጫውን አላቆምኩትም። እንባዬን እየጠረግሁ፣ ደብተሬ ላይ «‹ከ› የሚለው መስተዋድድ በ‹በ› ቦታም ያገለግላል፤ ‹ኸሷ ፊት›» ብዬ ጽፌአለሁ። ካሴቱ እስኪያልቅ ቆየሁ። በማግስቱ አባቴ መናኸሪያ ሸኝተውኝ፣ «አዝናለሁ፣ ጥሩ አልተናገርኩልሽም» አሉኝ። «በጣም ጥሩ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ሴሚናሩ ላይ ያንን ቦታ መረጥኩ። ከካሴቱ ሁሉ የሚፈለገው ነገር የተሰበሰበው እዚያ ነበር። «መረጃ ሰጪ አንድ፣ ሴት፤ መረጃ ሰጪ ሁለት፣ ወንድ፣ ልብስ ሰፊ» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። የአባቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ዓይኔን ከወረቀቴ አላነሳሁም። ሰው ቃላቱን እንጂ ነገሩን አይሰማም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ካሴቱ ሲቆም ግን ማንም ብዕሩን አላነሳም።

መምህሩ «ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» አሉ።

«ስለ… ስለ ልጃቸው መሰለኝ። የጎረቤት ሰው ናቸው።»

«ምን አድርጋቸው ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

ያ የጎጃም ልጅ አየኝና ወደ መስኮቱ ዞረ። የገባው ይመስለኛል። መምህሩ ሌላ አልጠየቁም። ወረቀቱ ከሁሉም የተሻለ ውጤት አገኘ፤ በክፍሉ ውስጥ መፍራቴም በዚያ ቀረ። ከዚያ በኋላ እጄን አውጥቼ እናገር ጀመር። ትምህርቴን የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሚቀጥለው ዕረፍት ደሴ ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ከወንበር ተነስተው ትከሻዬን ይዘው፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «እንዴት ነው፣ ወደዱት ወይ?» አሉኝ።

«ወደዱት፣ አባባ።»

«እስቲ እናንተም ስሙት።»

መቅረጫውን ይዤ ነበር። የቱን ካሴት እንዳስገባ ጥያቄ እንኳ አልሆነብኝም። «ውድ አድማጮቻችን…» የሚለው ድምፅ ወጣ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ከድምፁ ጋር እያንቀሳቀሱ ሰሙት። የጨርቅ ሱቁ ባለቤት «ማሻ አላህ፣ ዜና አንባቢ እኮ ነህ!» አላቸው። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት ለደንበኛ ሁሉ «ድምፄ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» ይሉ ነበር። ገብቷል፤ እሳቸው የሚያውቁት ድምፅ ግን አልነበረም።

እውነቱን ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እያንዳንዱን ጊዜ፣ የሚኮሩበትን አንድ ነገር ልነጥቃቸው ነው ብዬ ተውኩት። ከፊሉ ለሳቸው አዝኜ ነው፤ ከፊሉ ለራሴ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ተመርቄ፣ ማስተማር ጀምሬ፣ ለኢድ መጥቼ ነው። ጃኬት ሊጠልፉ መርፌ ክር ያስገባሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ኸቢስቲማ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው አሉ?» አልኩ። ልጅ ሳለሁ እንደምናገረው ነው ያልኩት፤ ምላሴ ላይ እንግዳ ሆነብኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ሲቀላ አየሁት።

«ልጄ» አሉ፣ በዚያ በሚለካው አማርኛቸው፣ «ከተሳሳትኩ ንገሪኝ እንጂ አትቀልጂብኝ።»

«ቀልድ አይደለም፣ አባባ…» አልኩ። እሳቸው ክሩን አስገብተው፣ ቋጥረው፣ ትርፉን በጥርሳቸው በጠሱና ጃኬቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።