የፋኑስዋላዎች ቆጠራ በናይሮቢ

ልዕልት ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ካሉት የውጭ ድርጅቶች በአንዱ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ እያስገባች ትተዳደራለች። የምትኖረው ሳውዝ ሲ፣ ከእናቷ ከውባንቺ ጋር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩዮቿ ተኝተው ሲያረፍዱ እሷ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሁለቴ ቀያይራ ፓርክላንድስ ወዳለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ትሄድ ነበር። ይኼንን ዘጠኝ ዓመት አደረገችው። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ መዝገብ አለ፤ መዝገቡ ውስጥ አንድ ስም እንዲገባላት ትፈልጋለች፤ የራሷን ስም። ሌላ ምንም አልጠየቀችም፣ ቤትም ንብረትም አላማራትም።

የቤቱ ጌታ ሩስቶም ፋኑስዋላ ይባላል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነውና አንቱ ልንለው በተገባ ነበር፤ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ አንቱታውን እናንተው ትነፍጉታላችሁ። ፓርሲ ነው። ፓርሲዎች ማለት ድሮ ሃይማኖታቸውን ይዘው ከፋርስ ሸሽተው ህንድ የገቡ፣ እሳት ፊት ቆመው የሚጸልዩ፣ ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየተመናመነ የሄደ ሕዝብ ናቸው። የሩስቶም አያት የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ በጸሐፊነት ከቦምቤይ መጣ። ሩስቶም ራሱ ንጋራ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነበረው። ሚስቱ ሳትወልድ ሞታበታለች።

ይኼ ሰው በዓለም ላይ የሚወደው ነገር ቢኖር ስሙን ነው። ታሪኩን ለልዕልት ያልነገራት ቅዳሜ የለም። «ጥንት የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረንም» ይላል በእንግሊዝኛ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ። «የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም፣ አለቀ። ልክ እንደ እናንተ እንደ ሐበሾቹ።» ከዚያ እንግሊዝ ህንድን ያዘ፤ የእንግሊዝ ጸሐፊ ደግሞ መዝገቡ ላይ ሌላ ስም ካልተጻፈ አይለቅም። የሩስቶም ቅድመ አያት ከሱራት ወደብ ጀምሮ እስከ ቦምቤይ ለመርከቦች ፋኖስ እየሸጠ የሚኖር ሰው ነበር። የቤተሰብህ ስም ማነው ቢሉት ግራ ገባው። እንግዲያው ሥራህ ምንድነው አሉት፤ ፋኖስ ነው የምሸጠው አለ። ፋኑስዋላ ብለው ጻፉት፣ ባለፋኖሱ እንደማለት ነው። አንዱ ጠርሙስ ሻጭ፣ አንዱ አናጢ፣ አንዱ ወጥ ቤት፣ ሁሉም እንደዚያው በሙያው ተጠርቶ ቀረ።

መዝገቡ የዚህ ስም መዝገብ ነው። በዓለም ላይ ያለ ፋኑስዋላ ሁሉ በየሀገሩ ተቆጥሮ ሰፍሮበታል፦ ሙምባይ ሰማንያ ስድስት፣ ካራቺ አሥራ አንድ፣ ለንደን አርባ፣ ቶሮንቶ ሠላሳ ሁለት፣ ሂዩስተን ዘጠኝ፣ ሜልቦርን አሥራ አራት። ናይሮቢ ድሮ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ኬንያ ነፃ ስትወጣ አንድ በአንድ እየተነሱ ለንደንና ካናዳ ገቡ፤ የናይሮቢው ገጽ ላይ ሩስቶም ብቻውን ቀረ። ናይሮቢ፦ አንድ።

ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። አባቱ ፋኑስዋላ የሆነ ሁሉ ይገባል።

እንግዲህ ልዕልት የዚህ ሰው ልጅ ናት።

እናቷ ውባንቺ ደርግ በወደቀበት ዓመት በሞያሌ አቋርጣ ናይሮቢ ገባች። አገር አታውቅ፣ ቋንቋ አትችል። አንዲት ያገሯ ልጅ ሚስቱ ለሞተችበት ባለመድኃኒት ቤት ወጥ ሠሪ አድርጋ አስቀጠረቻት። ከግቢው ጀርባ ያለችውን፣ ናይሮቢ ኤስኪው የሚላትን የሠራተኛ ክፍል ሰጣት። ከአራት ዓመት በኋላ አረገዘች። አላገባትም፣ አላባረራትምም። ሳውዝ ሲ አንድ ክፍል ተከራየላትና እዚያ ውለጂ አላት። እሷ ግን እስከ ዛሬ «እርሳቸው» ነው የምትለው። ልጅ የወለደችለትን ሰው!

አሁን ስህተቷን ስሙ። ያልተጋባች እናት ስለነበረች የልደት ወረቀቱ ላይ የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ ጸሐፊው ኤክስ ኤክስ ኤክስ አደረገበት። ውባንቺ ደሟ ፈላ። ልጄማ አባት አላት ብላ፣ የልጅቷ ስም በሚሞላበት መስመር እንደ አገሯ ደንብ አስጻፈች፦ ልዕልት ሩስቶም ሶራብ። ሩስቶም አባቷ፣ ሶራብ አያቷ። ከዚህ በላይ ምን ማስመስከሪያ አለ? ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ያሸነፈች ነበር የመሰላት። ፋኑስዋላ የሚለው ቃል ትዝም አላላት፤ የአንድ ሽማግሌ ሥራ ከልጇ ስም ጋር ምን አገናኘው? ሩስቶም ወረቀቱን አየና ሳቅ አለ። «ደህና ነው፤ እንዲያውም ይኼ ይሻላል» አላት። ምስኪን፣ መረቀልኝ ብላ ደስ ብሏት ተመለሰች።

ልዕልት አድጋ ወደዚያ ቤት መሄድ ስትጀምር ደንብ ተነገራት። በሩ ሲዘጋ ዳዲ ማለት ትችላለች፤ እንግዳ ካለ ሚስተር ሩስቶም ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና አንድ ጊዜ ተሳስታ እንግዳ ፊት ዳዲ አለችው። ሦስት ወር እንዳትመጣ ተደረገች። ከዚያ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም።

አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት የሩስቶም ዓይን ደከመና መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር የምታስገባለት እሷ ሆነች። አስገብታ ብቻ መች አቆመች! በፌስቡክ እያሰሰች፣ ኢሜይል እየጻፈች፣ የማታውቃቸው አሮጊቶች ጋ ካራቺ ድረስ እየደወለች፣ እሱ ያላወቃቸውን ሃምሳ ስምንት ፋኑስዋላዎች አገኘችለት። ገና በጀመረችበት ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ ኬቪን የሚባል ልጅ እንኳ አገኘች፣ እናቱ ካናዳዊት ናት። ሩስቶም ሲሰማ በደስታ እጁን አጨበጨበ። «አስገቢው፣ አስገቢው፤ አባቱ የኛ ነው» አለ።

ያን ቀን ነው ልዕልት ደፍራ የጠየቀችው። «ዳዲ፣ እኔስ?»

«ሥራው ሲያልቅ እናያለን» አላት።

በዚህች አንዲት ቃል ዘጠኝ ዓመት ሠራች። እናቷ በየቅዳሜው ማታ «ዛሬስ ምን አሉ?» ትላታለች፤ «ሊያልቅ ነው» ትላለች እሷ። ጓደኞቿ ተዳሩ፣ ዱባይ ሄዱ፣ ተመለሱ። እሷ ሜልቦርን ውስጥ ስንት ፋኑስዋላ እንደተወለደ ታጣራለች። ሞኝ ናት እንዳትሏት፤ ሰው ከአባቱ አንድ ነገር ሲፈልግ ቀን አይቆጥርም።

በመጨረሻ ሥራው አለቀ። ፊሮዝ የሚባል የቶሮንቶ የወንድም ልጅ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞ ለዘመዱ ሁሉ ሊያድለው ተስማማ። በዚያው ሰሞን ሩስቶም ሳንባው ተያዘና አልጋ ላይ ዋለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንደተሰካ፣ ልዕልትን ወደ ራስጌው ጠራት።

«ናይሮቢ የሚለው ላይ ስንት ይላል?»

«አንድ።»

«ስሞት ዜሮ አድርጊውና ለፊሮዝ ላኪለት። ስህተት አይወድም።»

ልዕልት እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳች። «ሥራው ሲያልቅ እናያለን ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«አየሁ እኮ። ወረቀትሽ ላይ ፋኑስዋላ የሚል የለም። ያላስጻፈችው እናትሽ ናት፤ እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ፋኖስ ሻጩ ራሱ እኮ፣ እንግሊዝ እስኪጠይቀው ድረስ እንደኔ ነበር የሚጠራው። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«በኋላ ተስተካከለ።»

«ኬቪንስ? እናቱ ካናዳዊት ናት። እሱን አስገብተኸዋል።»

«ኬቪን ሌላ ነው።»

«በምኑ?»

ሩስቶም ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀች። «ኬቪንን ሰው ሲያየው አይጠይቅም» አላት። «አንቺን ሲያዩ ይጠይቃሉ። ወጥ ቤቴ ማን እንደነበረች ሁሉም ያውቃል።» ቀጥሎ፣ ምንም እንዳልተናገረ ሁሉ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ የተሻለ ጸሐፊ ኖሮኝ አያውቅም» አለና ውሃ እንድታቀብለው ጠየቃት። አቀበለችው። ብርጭቆውን ይዛ አጠጣችው፤ የፈሰሰውንም ከአገጩ ላይ ጠረገችለት።

ከአሥር ቀን በኋላ ሞተ። ልዕልትና ውባንቺ ነጠላቸውን ለብሰው ፓርክላንድስ ለቅሶ ሄዱ። የፓርሲዎቹ ማኅበር ሴቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ ወንበር አምጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጧቸው፣ ሻይ ሰጧቸው። በሃይማኖታቸው አስከሬኑ ታጥቦ ጸሎት ከተደረሰለት በኋላ ፓርሲ ያልሆነ ሰው ፊቱን አያይም። አንዲት ነጭ ሳሪ የለበሰች ሽማግሌ ይኼንን ስታስረዳቸው የልዕልትን ፊት አተኩራ አየችና ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ለሩስቶም ምኑ ነሽ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ጠርጥራለች። ልጁ ነኝ ብትላት ምናልባት እጇን ይዛ ታስገባት ነበር። ልዕልት አፏን ከፈተች፤ ሃያ አንድ ዓመት የለመደው ምላሷ ቀደማት።

«ጸሐፊው ነኝ» አለች።

ሽማግሌዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ገባች። በሩ ተዘጋ። ውባንቺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እያለቀሰች «ምን ነካሽ? ምነው ምን ነካሽ?» ትላታለች።

ቤት ሲገቡ እናቷ ናት የገፋፋቻት። «መዝገቡ ያለው ባንቺ እጅ አይደል?» አለቻት። «አስገቢዋ ስምሽን። እርሳቸው እንደሆኑ ከአፈር ተነስተው አያወጡት። ማን ያያል? ማን ይከለክልሻል?» ልዕልት ሁለት ቀን አመነታች። በሦስተኛው ቀን የናይሮቢውን ገጽ ከፈተች። ከአባቷ ስም አጠገብ የሞተበትን ቀን አስገባች። ከሥር፣ ሌሎቹን ሁለት መቶ ምናምን ሰዎች በጻፈችበት ፊደልና መጠን፣ ልዕልት ሩስቶም ፋኑስዋላ ብላ ጻፈች። ሦስቱ ቃላት አንድ ላይ ተጽፈው ስታያቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ደጋግማ አነበበችው፤ እናቷንም ጠርታ አሳየቻት። ውባንቺ የኮምፒዩተሩን መስታወት እንደ መስቀል ተሳለመችው። ናይሮቢ፦ አንድ። ላከችው።

መልሱ የመጣው በአራተኛው ቀን፣ ቢሮ ሳለች ነው። ቤት ስትደርስ ውባንቺ ወጥ እየሠራች ነበር፤ ስልኩን እጇ ላይ ስታይ ማማሰያውን ጣለች። «መለሱ? ምን አሉ የኔ ልጅ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽላታል። ገብቷል፣ አስገብተውኛል ቢላት ሴትዮዋ ማንበብ አትችል፣ መጽሐፉ ሳውዝ ሲ አይደርስ፣ እስክትሞት ደስ ብሏት ትኖር ነበር። ልዕልትም በማታቱው ውስጥ ይኼንኑ አስባ ነበር የመጣችው። ግን ደጃፉ ላይ የእናቷን ፊት፣ ያንን እንደ ልጅ የጓጓ ፊት ስታይ ውስጧ የነበረው ሁሉ ገነፈለ። እዚያው እንደቆመች ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት፦

«ለሟቹ ጸሐፊ። ለብዙ ዓመት ድካምሽ ቤተሰቡ ያመሰግንሻል። ናይሮቢ የሚለው ገጽ ላይ አንድ የጽሕፈት ስህተት አግኝተን አርመናል። አጎቴ ልጅ አልነበራቸውም። መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል። ፊሮዝ ፋኑስዋላ።»

ውባንቺ መጀመሪያ የገባት አይመስልም ነበር። «ልጅ አልነበራቸውም?» አለች። ቀጥላ «እኔ እኮ የአባትሽን ስም ነው የሰጠሁሽ» አለች።

«የአባቴን ስም ማን ጠየቀሽ!» አለቻት ልዕልት። «ያንን ፋኑስዋላ የሚለውን ብታስጽፊው ምን ነበረበት? አላወቅሽም! መጠየቅ እንኳ አላወቅሽም! እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሐሰት መሆኑን ታውቃለች። ሩስቶም በገዛ አፉ ምክንያቱን ነግሯታል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ቢጻፍ አያስገባትም ነበር። እያወቀች ተናገረችው። ይኼ ቃል የሚገባው ሰው አፈር ለብሷል፤ እናቷ ቅርብ ነበረች።

ውባንቺ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ሁለቱን መዳፎቿን ሆዷ ላይ አነባበረች፣ ዓይኗን መሬት ተከለች። ፓርክላንድስ ሳህን የሰበረች ቀን ጌታዋ ፊት የምትቆመው እንደዚህ ነበር። «ይቅርታ» አለች፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ልዕልት ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷን ግን ተቀመጪ አላለቻትም።