ሞተሩን ጠበል ያጠጡት አባት

ሞተሩ ድንገት ሳል ጀመረው... ትር ትር አለና ቀጥ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ስማዳ ወገዳ። እኔ ያኔ የክሊኒኩ የመብራት ሞተረኛ ነበርኩ። ክረምት ነው፣ ጉሙ ወርዶ በቀን በስምንት ሰዓት ቤቱ ጨልሟል። ውስጥ አንዲት አራስ በቃሬዛ መጥታ ተኝታለች። ልጇ በሰላም ተወልዷል፣ የእሷ ደም ግን አልቆም ብሏል። እንደ ሐኪም የሚያክመን ድሬሰሩ መርፌውን ይዞ ሊሰፋት ሲል ነው አምፖሉ የጠፋው።

«መብራቱን መልስልኝ፣ ቶሎ በል፤ ደሙ የሚመጣበት አይታየኝም» አለኝ በመስኮት።

እናንተ ሆዬ፣ እኔ በዚያች ሞተር እኮራ ነበር። ሌላው ቤንዚን ሲያጥርበት ላምባ ይቀይጣል፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ከበርሜል የቀዳሁትን በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ፣ ዝቃጩን ትቼ ነው የምሞላው። ዘይቱንም ሳይጠቁር እለውጣለሁ። ታዲያ ምን ነካት? ገመዱን ብስብ፣ ብስብ... ወይ ፍንክች!

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ቤንዚን ለሞተሩ ከሚያቀብለው ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ሳላላት ግን ቤንዚን ይወርዳል ስል ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ደሜ ፈላ።

ዞር ስል የክሊኒኩ ዘበኛ አያ ታከለ ከኋላዬ ቆመዋል። አራሷ ልጃቸው ናት፣ ያለቻቸውም እሷው ብቻ ናት።

«አያ ታከለ፣ ይህን ሞተር የነካ ሰው አለ?»

«የነካውስ የለም... እኔ ጠበል ሰጠሁት እንጂ።»

«ምን አሉኝ?»

«ጠዋት ስታስነሳው ሲያስለው ሰማሁ። ልጄ ውስጥ ናት። እንዳይጠፋባት ብዬ የኪዳነ ምሕረትን ጠበል ቤንዚን በምታጠጣው አፉ አፈሰስኩለት።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ... ልጃቸው ወዳለችበት መስኮት ሲያዩ አየሁና ተውኩት። አንጀቴን በሉት።

ውኃውን ከቤንዚን ታንከሩ በዚያችው ብሎን ላወጣ ስል ደግሞ ክንዴን ያዙኝ። «መሬት ላይ አይሆንም ልጄ፣ ጠበል ነው፣ ይረገጣል።» እዚያ ልጃቸው ደሟ እየፈሰሰ እዚህ ክርክር! ግን ክርክሩ ከሚያቆየኝ ጣሳ ሰጠኋቸውና ተንበርክከው ከሥር ያዙልኝ። ውኃው ከቤንዚን ይከብዳል፣ ከታች ነው የተኛው። እሱ ወርዶ እስኪያልቅ፣ ንጹሕ ቤንዚን እስኪመጣ ድረስ ለቀቅኩት።

ብሎኗን አጥብቄ ቀና ስል አያ ታከለ ጣሳውን ወደ አፋቸው እያስጠጉ ነው።

«ኧረ ቤንዚን አለበት፣ ይገድልዎታል!»

«ታዲያ ጠበል ይደፋል?»

«ከአጥሩ ጥግ፣ የሰው እግር ከማይደርስበት እናፈሰዋለን» አልኳቸው። እሺ አሉ፣ ግን ከእጃቸው አላወጡትም።

ገመዱን ሳብኩ፣ እንቢ አለች። ደግሜ ሳብኩ፣ አጓራችና ዝም። በሦስተኛው ተነሣች። ከመስኮቱ ብርሃን ሲወጣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

አያ ታከለ ግን አልተደሰቱም። ጣሳቸውን እንዳቀፉ፣ «ልገድላት ነበር፣ አይደል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የለም፣ አያ ታከለ። እርስዎ ያለዎትን ነው የሰጧት። ሞተር ጠበል የሚቀበልበት ሆድ አልተፈጠረለትም እንጂ።»

ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ብዙ ቆይቶ ድሬሰሩ ወጣ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ደሙ ቆሞላታል፣ ይግቡና ይዩዋት» አላቸው። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ያለቀሱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ሳቁ ከፈለጋችሁ።

ዛሬም ሰው «ጄኔሬተሬ እያጓራ ይጠፋብኛል፣ ነዳጁ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው «ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ?» ብዬ ነው።